አርባ አንደኛው መጋጠሚያ

ሚያዝያ 3

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

ይህ ወረቀት በደህና ያግኝሽ። ክፉሽን አያሰማኝ። በሰው አገር የምትገቢበትን ደጅ፣ የምትወጪበትን መንገድ ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ብታማርርም ደረጃውን ከኔ ቀድማ ትወጣለች፤ ከላይ ሆናም "ምነው ዘገየህ?" ትለኛለች።

በስልክ ያልነገርኩሽን ነው የምጽፈው። መቼም ታውቂያታለሽ፤ አንቺ ስትደውዪ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ትለቀውና ከጎኔ ቁጭ ትላለች። ያኔ "ደህና ነን" ከማለት በቀር ምን እላለሁ? የመሥሪያ ቤቱ ስልክ ደግሞ ጆሮ አለው።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ምድር ተንቀጠቀጠች። አልቆየም፤ ሰው "ምንድነው?" ብሎ ሳይጨርስ ቆመ። ብርጭቆ ተንቀጫቀጨ፣ ውሾች ጮሁ፣ በቃ። በማግስቱ ግን ዳገቱ ላይ፣ ከእናትሽ በር ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አስፋልቱ ጣት በሚያስገባ ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር ተተርትሮ ተገኘ። እናትሽ ሳንቃ ጣል አድርጋበት በላዩ ትሻገራለች። "መንገድ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ እኔስ መች ቀረልኝ?" ትላለች።

በዚያ መንገድ ሥር የኛ የጋዝ ቧንቧ ያልፋል። የዛሬ ሁለት ዓመት ከጫፍ እስከ ጫፍ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ "ገጣሚ ነኝ" ስለው "እስቲ አንድ ግጥም ጣል አድርግልን" ይለኛል። የአጎትሽ ግጥም ሁሉ መሬት ውስጥ ነው ያለው፤ አንባቢም የለው።

ከመንቀጥቀጡ በኋላ መሥሪያ ቤታችን በየቤቱ ወረቀት አደለ። "ቧንቧችን ብረት አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው፤ መሬት ቢንሸራተት ይለጠጣል እንጂ አይበጠስም" ይላል። ከሥሩ የአንድ የውጭ አገር ቤተ ሙከራ ስም አለ። እናትሽ ስሙን ስታይ ያንቺ መሥሪያ ቤት መሆኑን አወቀችና ወረቀቱን ከምድጃዋ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ለመጣ እንግዳ ሁሉ "ልጄ ናት የፈተነችው" እያለች ታሳያለች። እውነት አንቺ ነሽ? ከሆነስ ቧንቧው ምን ያህል ይችላል? እኔ በሚገባኝ ቋንቋ ጻፊልኝ።

አንድ ሌላ ነገር። ሁለት የፕላስቲክ ቧንቧ ሲገጠም ጫፍና ጫፋቸው በጋለ ብረት ይሟሟና እርስ በርስ ይጫናል፤ ይህን ከኔ ጋር ቦይ ለቦይ ስትዞሪ ያደግሽ ልጅ አልነግርሽም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የጠየቀኝ ግን ይህን ነው፦ ብረቱ በደንብ ሳይግል የተገጠመ ቢኖር፣ መሬቱ ሲሄድ ምን ይሆናል? ለራሱ ማወቅ ፈልጎ ነው።

እናትሽ ሳመችሽ። ፈጣሪ ያኑርሽ።
አጎትሽ


ሚያዝያ 29

ለማከብርዎና ለምወድዎ አጎቴ፤

ከራስ ጸጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ሰላም ይሁኑልኝ። እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ሥራ ስለበዛብኝ መልሴ ዘግይቷል፤ ይቅር ይበሉኝ።

አዎ፣ እኔ ነኝ። የምሠራበትን አዳራሽ በቃል ላሳይዎት። መሀሉ ላይ ሁለት አውቶቡስ ተከታትለው የሚገቡበት የብረት ሳጥን አለ። ግማሹ ከወለሉ ጋር የታሰረ ነው፤ ሌላው ግማሽ በሐዲድ ላይ ይሄዳል። ቧንቧውን ከዳር እስከ ዳር እናጋድመውና አሸዋ እንሞላበታለን፤ ልክ እንደ እውነተኛው ቦይ በየንብርብሩ እንጠቀጥቀዋለን። ከዚያ በዘይት ግፊት የሚሠራ ትልቅ ክንድ ተንቀሳቃሹን ግማሽ ይገፋዋል። በዚያኛው በኩል ያለው አፈር የተንሸራተተው ዳገት ማለት ነው፤ በዚህኛው በኩል ያለው የቆመው ምድር።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ውሸት አይደለም። ሳጥኑ ክንድ ከስንዝር ሄዶ ቧንቧው አልፈነዳም። ብረት ቢሆን ገና ድሮ ነበር የሚቀነጠሰው። ስናወጣው እባብ መስሎ ተጣሞ ነበር፤ ግን ውስጡ የነበረው አየር አልወጣም። አዳራሹ ውስጥ ያለን ሁሉ አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ነገር ግን እኛ የፈተንነው አዲስ ቧንቧ ነው። መጋጠሚያ የለውም። ወደ ቤት የሚገባ ቅርንጫፍ የለውም። አሸዋው ልል ነበር፤ እርጥብና ጥቅጥቅ ያለ አፈር ግን ቧንቧውን ጨምድዶ ስለሚይዘው እንዲንሸራተት አይተወውም። ይህን ሁሉ ሪፖርቱ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል። የእርስዎ መሥሪያ ቤት ያንን አላተመውም።

ቧንቧ የሚጎዳው የተንሸራተተው አፈር መሀል ላይ አይደለም፤ እዚያ ከአፈሩ ጋር አብሮ ይሄዳል። የሚጎዳው ጠርዙ ላይ ነው፤ የሚሄደው ምድር ከቆመው ምድር በሚለያይበት ቦታ። አንዱ ይጎትተዋል፣ ሌላው አልለቅም ይለዋል።

የባልደረባዎን ጥያቄ በተመለከተ፤ ሳይግል የተገጠመ መጋጠሚያ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ጋዝም ለዓመታት ያሳልፋል። የተዋሐደ ሳይሆን የተጣበቀ ነው። ሲጎተት በአንድ ጊዜ ይለያያል እንጂ እንደ ቧንቧው አይለጠጥም። አጎቴ፣ ባልደረባዎ ማን ነው? የትኛው መጋጠሚያ ነው? ከስንጥቁ ስንት እርምጃ ይርቃል? ቀልጦ ወደ ውጭ የተገለበጠው ከንፈር ፎቶ ካለዎት ይላኩልኝ።

እማዬን ወረቀቱን ከግድግዳው እንድታነሳው ይንገሩልኝ።
ልጅዎ


ሰኔ 21

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምሽ ይብዛ። እጅሽ አይዛል፣ ዓይንሽ አይፍዘዝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። በየቀኑ ልጽፍ እቀመጥና ሥራ ይመጣል።

እናትሽ ደህና ናት። ከጎረቤቷ ከልብስ ሰፊዋ ጋር አንድ ሰሞን ተኳርፈው ነበር፤ ቀሚሴን አጥብባብኛለች ብላ። ቀሚሱ አልጠበበም፤ እሷ ናት የወፈረችው። አሁን ታርቀዋል። የልብስ ሰፊዋ ባል ሚስቱን "እንግዲህ ለሁለታችሁም ሰፋ አድርገሽ ስፊ" ብሎ አስቋቸዋል። ጥሩ ሰው ነው።

ወረቀቱን ከግድግዳ አላወረደችም። "ልጄ ትሁት ስለሆነች ነው" አለችኝ።

ስንጥቁ ላይ አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ከላይና ከታች ሁለት ሚስማር መትቼ በመሀላቸው ሲባጎ ወጠርኩ። በሳምንቱ ሲባጎው ተበጠሰ። ሌላ አሰርኩ፣ እሱም ተበጠሰ። ከዚያ በኋላ በሜትር መለካት ጀመርኩ። በአርባ ቀን አራት ጣት ሆኗል። ዝናቡ ደግሞ ገና መጀመሩ ነው። ለአለቃችን ነገርኩት። "አንተ ቧንቧ ግጠም፤ መሬቱን ለመሬት ተወው" አለኝ።

እንግዲህ ልለምንሽ። በመሥሪያ ቤትሽ ማኅተም ለአለቃው ደብዳቤ ጻፊልኝ። ያንን በትንንሽ ፊደል ያልሽውን በትልልቁ ጻፊው። ከኔ አፍ ቢወጣ ማን ይሰማኛል፤ ከውጭ የመጣ ማኅተም ግን ይከበራል።

ፎቶ የለኝም።
አጎትሽ


ሐምሌ 2

ውድ አጎቴ፤

ሰላም ይሁኑልኝ፤ ጉልበትዎን ያበርታልኝ።

ደብዳቤውን ለአለቃዎ ልኬያለሁ፤ ማኅተም ግን የለበትም። የክፍል ኃላፊዬን ስጠይቀው የሙከራውን ወጪ የቻለው ቧንቧ አምራቹ መሆኑን አስታወሰኝ። "የጠየቁንን መልሰናል፤ ያልጠየቁንን ለምን እንመልሳለን?" አለኝ። ስለዚህ በራሴ ስምና ፊርማ ጻፍኩት። ምን ያህል እንደሚረዳዎት አላውቅም።

አሁን የምጽፍልዎትን ግን ቁጭ ብለው ያንብቡት። ሰሞኑን የታዘዘ ሙከራ ስላልነበረ ሳጥኑ ባዶ ነበርና ከአንድ ቴክኒሻን ጋር የራሳችንን ሙከራ አደረግን። ጥቅጥቅ ያለ እርጥብ አፈር ሞላንበትና ሳጥኑን ክንድ ያህል ገፋነው። ቧንቧው ቻለ፤ አየር አልወጣም። እኔ ግን አላወጣሁትም። ግፊቱ ውስጡ እንዳለ፣ አፈሩን ሳልነካ ተውኩት። በየጠዋቱ እየመጣሁ መለኪያውን አያለሁ። አንድ ሳምንት ምንም የለም። ሁለት ሳምንት ምንም የለም። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ስገባ መለኪያው ዜሮ ላይ ነበር። ማንም አልነካውም። ስንቆፍረው ጠርዙ ላይ ቧንቧው ተስቦ ተስቦ አንገት አውጥቶ፣ ነጥቶ፣ እንደ ወረቀት ሳስቶ ተቀዷል። ቻለ ያልነው ቧንቧ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እየተቀደደ ነበር።

ለእማዬ በስልክ እርስዎ ቤት እንድትሰነብት ነግሬያት ነበር። "ያጎትሽ ማንኮራፋት ከመሬት መንቀጥቀጥ ይብሳል" አለችና ሳቀች።

አጎቴ፣ ይቅር ይበሉኝና ልጠይቅዎት። ባልደረባዬ ያሉኝ ሰው እርስዎ ነዎት?
ልጅዎ


ነሐሴ 18

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ አንቺን በሰላም ያኑርልኝ። በስልክ "ሁላችንም ደህና ነን" ያልንሽ እውነት ነው፤ እኛ ደህና ነን። ሁሉም ግን ደህና አይደለም።

ነሐሴ 11 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ይህኛው ረጅም ነበር። መጋዘን ውስጥ ነበርኩ፤ የቧንቧ ጥቅልሎች እንደ ሰካራም እየተገፋፉ ከመደርደሪያ ወረዱ። ሲያበቃ ዝምታ ሆነ፤ ከዚያ ከዳገቱ በኩል የጭነት መኪና ድንጋይ ሲያራግፍ የመሰለ ድምፅ ተሰማኝ፤ አልቆም አለ። ሮጥኩ።

ከስንጥቁ በታች ያለው ምድር በሙሉ ወርዷል። የእናትሽ ቤት ከነደጃፉ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ ዘመም ብሎ ቆሟል። እናትሽ በር ላይ ቆማ አገኘኋት፤ እጇ ላይ የያዘችው ሽንኩርት ግማሹ ተልጧል። ከታች የነበሩት ሦስት ቤቶች ግን የሉም። አራት ሰው ሞቷል። አንዱ የልብስ ሰፊዋ ባል ነው። ለሥራ ዕቃ ሊገዛ ወርዶ ነበር።

እሳት አልተነሳም። ሰው ሁሉ የሚያወራው ይህንን ነው። ጋዙ ስድስት ቀን ተዘጋ፤ ቧንቧው በግፊት ተፈተሸ፣ ያዘ። ትናንት ተለቀቀ። መንገዱ መግቢያ ላይ "ቧንቧው ችሏል!" የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። እናትሽም እንደ ሌላው ሰው ዘማማ ቤቷ ውስጥ ምድጃዋን ለኮሰች። ሰው እያመሰገናት ነው፤ ያንቺ እናት ስለሆነች።

ያንቺን ደብዳቤ አለቃው አንብቦታል። አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ሲከተው አይቻለሁ።

አሁን ለጠየቅሽኝ ልመልስ። አዎ፣ እኔ ነኝ። የመስመሩ ምርቃት ቀን ደርሶ ነበር። የዚያን ቀን መብራት እየመጣ ይሄዳል፤ ማሞቂያው ብረት አልግል አለ። አርባ አንደኛውን መጋጠሚያ ስገጥም ከንፈሩ እንደሚገባው አልወጣም፤ ቀጭንና ሸካራ ሆነ። "ይቆረጥና እንደገና ይሠራ" አልኩ። አለቃው ሰዓቱን አየና "ቅበረው" አለኝ። ቀበርኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ፈረምኩበት።

ከእናትሽ በር አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ጠርዙ ላይ።

ዛሬ ከመንሸራተቱ ሰባተኛ ቀን ነው። አሥራ ዘጠነኛ ያልሽውን ከአእምሮዬ ማውጣት አቃተኝ።
አጎትሽ


ነሐሴ 27

አጎቴ፤

በሕይወት ያቆይልኝ ብዬ ለሁላችሁም እለምናለሁ። ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ስልክዎ ዝግ ነው። እማዬ ጋ ደወልኩ፤ እሷ አነሳች። ምድጃውን እንድታጠፋ፣ ከቤት እንድትወጣ ነገርኳት። "ቧንቧው ችሏል እኮ፤ አንቺ ነሽ ያልሽው" አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በእናቴ ላይ ጮህኩ። "እኔ ያልኩት ለሳጥኑ ነው፤ ለእናንተ አይደለም" አልኳት። ስልኩ ተዘጋ።

ተናድጄብዎታለሁ፤ ልደብቅዎት አልችልም። ሁለት ዓመት። ቦይ ዳር አስቀምጠው "ያላማረሽን አትቅበሪ" ያሉኝ እርስዎ ነበሩ። ግን እኔስ? የማውቀውን በትንንሽ ፊደል ጽፌ አጨብጭቤ ወደ ቤቴ የሄድኩ ሰው ነኝ።

ይህ ወረቀት በጊዜ እንደማይደርስዎት እያወቅኩ ነው የምጽፈው። መጀመሪያ ጋዙ ይዘጋ። እሳት ሁሉ ይጥፋ። ዶማና አካፋ ብረት አይሁን፤ በእንጨትና በእጅ ይቆፈር። መጋጠሚያውን አይታችሁ እንዳታቆሙ። ከሱ ወደ ስንጥቁ አቅጣጫ ሦስት አራት እርምጃ ክፈቱ። የነጣና የቀጠነ ቦታ ፈልጉ።

ይንገሯቸው፣ አጎቴ። ሥራዎንም ቢያጡ ይጡ።
ልጅዎ


መስከረም 9

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። በስልክ ለእናትሽ የነገርሻትን ግን እሷ ለማንም አልተነፈሰችም፤ ለኔም ጭምር።

ነሐሴ 28 ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ወደ መሥሪያ ቤት መሄዴ ነበር። እግሬ ዳገቱን ያዘ። ከመንገዱ መግቢያ ላይ የመስመሩ መዝጊያ ቫልቭ አለ፤ ቁልፉ ከኔ ጋ ነው የሚያድረው። ክዳኑን አነሳሁ፣ ቁልፉን አስገባሁ፣ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ከዚያ ክዳኑን መለስኩና በላዩ ተቀመጥኩበት።

ሰው ቁርሱን የሚሠራበት ሰዓት ነው። ትንሽ ቆይቶ አንድ በአንድ በር ይከፈት ጀመር።

"ጋዝ ጠፋ እንዴ?"

"እኔ ነኝ የዘጋሁት" አልኩ።

"ለምን?"

"ቧንቧው ውስጥ የቀረው ጋዝ ተቃጥሎ ይለቅ። ከዚያ ምድጃ ሁሉ ይጥፋና ኑ፤ የምነግራችሁ አለ።"

መጡ። ሠላሳ ሰው ይሆናል። ቆሜ መናገር ስላቃተኝ ተቀምጬ ነገርኳቸው። መብራቱን፣ ብረቱን፣ አርባ አንደኛውን። ያንቺንም ሙከራ ነገርኳቸው። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ጥቁር እንደለበሰች ወደፊት መጣች።

"ሁለት ዓመት በዚህ ስታልፍ ሰላም የምትለኝ ይህን እያወቅህ ነው?"

"አዎ።"

"ባሌ የሞተው በዚህ ነው?"

"አይደለም። እሱን የወሰደው አፈሩ ነው። ይሄ የሚጠብቀው እናንተን ነው፤ የቀራችሁትን።"

እጇን አነሳች፣ የምትመታኝ መሰለኝ። አውርዳው ፊቷን ሸፈነች። ከኋላ አንዱ "ይታሰር!" አለ፤ ሌላው "መጀመሪያ ይቆፈር" አለ።

አለቃው በመኪና ደረሰ። በጆሮዬ ነው የተናገረኝ። "አብደሃል? ጡረታህ ሦስት ወር ነው የቀረው። ቁልፉን ስጠኝና ቤትህ ሂድ፤ አመመው እላለሁ።" እኔም ጮክ ብዬ መለስኩለት፦ "ቅበረው ያልከኝ አንተ ነህ፤ የቀበርኩት እኔ ነኝ። ሁለታችንም እዚህ ነው የምንቆመው።" ከዚያ በኋላ ወደ መኪናው ሊመለስ አልቻለም፤ ሰው መንገዱን ዘግቶታል።

እናትሽ ዘማማው በሯ ላይ ቆማ ነበር። ያን ጠዋት የእሷ ምድጃ አልተለኮሰም ነበር። ከቤት የእንጨት አካፋ ይዛ መጣችና እግሬ ሥር ጣለችው። አላናገረችኝም።

ቆፈርን። ከወገብ በላይ ጥልቀት አለው። ስጠጋ አካፋውን ተውኩና በእጄ ጫርኩ። አርባ አንደኛው ወጣ። ከንፈሩ እንደማስታውሰው ነው፤ ቀጭን፣ ሸካራ፣ አንድ ቦታ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አለው። ግን ይዟል። በሁለት እጄ ይዤ ጎተትኩት፤ ንቅንቅ አላለም። አለቃው ሳቀ። "ይሄው! ይሄው ቆሟል! ለዚህ ነው አገር ያሸበርከው?" ሰውም መተንፈስ ጀመረ። አንዳንዱ ወደ ቤቱ ዞረ። ልዋሽሽ አልችልም፤ እኔም ደስ አለኝ። ለአንድ አፍታ ንጹሕ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

"ቆፍር" አለች እናትሽ። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። "ልጅቷ ጠርዙን ነው ያለችው። ወደ ስንጥቁ ቆፍር።"

ሁለት እርምጃ ቆፈርኩ። ቧንቧው የክርኔን ውፍረት የሚያህል ነበር፤ እየሄደ እየሄደ ቀጠነ። የእጅ አንጓ አከለ። ጥቁር የነበረው ነጥቷል። አለቃው ጎንበስ ብሎ ሊነካው ሲል ከሥሩ ያለው አፈር ትንሽ ናድ አለ። ቧንቧው ማንም ሳይነካው፣ ጨርቅ ሲቀደድ በሚሰማ ድምፅ፣ ከላይ እስከ ታች ተከፈተ። ቀጭን የጋዝ ሽታ መጣና በነፋስ ሄደ። ውስጡ ባዶ ነበር።

አለቃው የዘረጋውን እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

አሥራ ሰባተኛው ቀን ነበር።

ከሥራ ታግጃለሁ፤ ፖሊስም ቃሌን ተቀብሏል። ሰው መንገድ ላይ ሲያየኝ ዞር ይላል፤ አልፈርድበትም። እናትሽ እኔ ጋ ናት። ማንኮራፋቴን ችላዋለች።
አጎትሽ


መስከረም 24

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ "ቆፍር" የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ተነስቻለሁ።

የእኔ ወሬ ትንሽ ነው። ሪፖርቴን ለወሰዱ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ በትንንሽ ፊደል የነበረውንና የአሥራ ዘጠኙን ቀን ሙከራ ጽፌ ላክሁ። በሳምንቱ የሳጥኑን አዳራሽ ቁልፍ ተቀበሉኝ። አሁን የቆዩ ሰነዶች ክፍል ውስጥ ወረቀት እለያለሁ። አምስት መሥሪያ ቤቶች መልሰው ጽፈውልኛል፤ የእርስዎ ግን የለበትም።

አንድ ነገር ያስፈራኛል። አርባ አንደኛው ስለያዘ "ደህና ነበር" እንዳይሉ። የያዘው በቆመው ምድር በኩል ስለነበር ነው፤ አልተጎተተም። ጠርዙ ሁለት እርምጃ ወደ መጋጠሚያው ቀርቦ ቢሆን ኖሮ አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶ አሥራ ሰባት ደቂቃ አይቆይም ነበር።

ስለዚህ መጠየቅ አለብኝ፤ ፖሊስም የጠየቀዎት አይመስለኝም። የዚያን ቀን መብራቱ ሲመጣ ሲሄድ የዋለው ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው? በዚያ ቀን የገጠሙት አርባ አንደኛውን ብቻ ነው?
ልጅዎ


ጥቅምት 13

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ ያንቺን ልብ አይስበረው። እንጀራሽን በኛ ምክንያት ማጣትሽ አንጀቴን በልቶታል።

መልሱ አይደለም ነው። መብራቱ የጠፋው ከማለዳው ነው። የዚያን ቀን ዘጠኝ ገጠምኩ፤ ከአርባ አንድ እስከ አርባ ዘጠኝ። አርባ አንደኛው የመጀመሪያው ስለሆነ አስታውሰዋለሁ፤ ያየሁት፣ ይቆረጥ ያልኩት እሱን ነው። "ቅበረው" ከተባልኩ በኋላ የቀሩትን ስምንት ከንፈራቸውን አላየሁም። ማየት ተውኩ። ይህን ለፖሊስ አልነገርኩም ነበር፤ ለራሴም ነግሬው አላውቅም። ያንቺ ደብዳቤ ከመጣ በኋላ ሦስት ቀን ቆይቼ ሄጄ ነገርኩ፤ ቁጥራቸውንና ቦታቸውን በጽሑፍ ሰጠሁ።

ስምንቱ ከዳገቱ ወርደው በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነው የሚያልፉት። መሥሪያ ቤቱ "እዚያ ያለው መሬት አልተንቀሳቀሰም" ብሎ ጋዙን በሌላ መስመር አዙሮ ለቆታል። ከአጥሩ ዳር ሁለት ሚስማር መታሁ። በአሥር ቀን አንድ ጣት ሄዷል። የልኬቱን ወረቀት ለአዲሱ አለቃ ሰጠሁት፤ የድሮው ተነስቷል። ይህኛው ትሁት ሰው ነው። "እናጠናዋለን" አለኝ።

ነገ እሑድ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ባዶ ነው። አርባ ሁለተኛውን እከፍተዋለሁ፤ ሰው በዓይኑ ካላየ አያምንም። ልብስ ሰፊዋ መንገዱን ዘግታ ሰው አላሳልፍም ብላለች። ሰላም አትለኝም፤ እመጣለሁ ብላ ግን በሰው ልካልኛለች። የቫልቩን ቁልፍ ወስደውብኛል። ስለዚህ የምቆፍረው ጋዙ ውስጡ እያለ ነው፤ በእጄ፣ ቀስ ብዬ።

እናትሽን ቤት ቅሪ ብዬ ለመንኳት። ሽንኩርቷን እየላጠች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ "ስትቀብረው አልነበርኩም፤ ስታወጣው እኖራለሁ" አለችኝ።

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ነገሩ አልፎ ይሆናል፤ ደውዪ። ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ትልቀቀው።
አጎትሽ